ማምዛር ማዶ ያለ ኪራይ

አል ማምዛር ላይ ቆሞ ድንበር የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው ውሃ ነው። ከባሕሩ ተገንጥሎ ወደ ከተማው የገባ ሰፊ ውሃ፤ ወዲህ ዱባይ፣ ወዲያ ሻርጃ። በዱባይ በኩል መናፈሻውና አሸዋው፣ በሻርጃ በኩል የአል ኻንና የአል ተዓውን ፎቆች ይታያሉ። ኬላ የለም፤ መታወቂያ የሚጠይቅ ወታደርም የለም። ድንበሩ የሚታወቀው በኪስ ነው።

የዱባይ ታክሲ ወደ ሻርጃ ሲሻገር ቆጣሪው ላይ 20 ድርሃም ይጨመርበታል። በራሱ መኪና በአል ኢቲሃድ መንገድ የሚያልፍ ደግሞ ሳሊክ ይቆረጥበታል። ሳሊክ የመንገድ ክፍያ ነው፤ ከአስፋልቱ በላይ በተዘረጋው ብረት ሥር ሲያልፉ መስታወቱ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ትነበብና ከሂሳብ ይቀነሳል። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2007 ነው (ከዚህ በኋላ ዘመኑን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ እዚያ ያሉት ልጆችም እንደዚያ ነው የሚቆጥሩት)። ማምዛር ላይ የቆመው በ2013 ነው። ለዓመታት 4 ድርሃም ነበር። ከጥር 2025 መጨረሻ ወዲህ ግን በሥራ ቀን፣ ጠዋትና ማታ መኪና በሚበዛበት ሰዓት 6 ድርሃም ገባ፤ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 7 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ደግሞ በነፃ ሆነ። ድርጅቱ በ2022 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጧል። እንግዲህ አንዱ ሥራው ለመድረስ የሚከፍላት 6 ድርሃም ለሌላው የትርፍ ድርሻ ትሆናለች ማለት ነው። ይህን ለአክስቴ ልጅ ስነግራት፣ "እኔ በአውቶቡስ ነው የምሄደው፤ የነሱ አክሲዮን ለኔ ምኔ ነው?" አለችኝ።

የአክስቴ ልጅ ዱባይ ትሠራለች፣ ሻርጃ ታድራለች። እንደሷ ያለው ሰው ብዛት ሌሊት ሲነጋጋ አል ኢቲሃድ መንገድ ላይ ይታያል፤ መኪናው ተደርድሮ አይንቀሳቀስም፣ አውቶቡሱም በመሃሉ ይጎተታል። ምክንያቱ ኪራይ ነው። ተመሳሳይ ክፍል ውሃውን ሲሻገር ይረክሳል። ሻርጃም የከበደው ወደ አጅማን ይገፋል፤ ኪራዩ በቀነሰ ቁጥር የመንገዱ ሰዓት ይረዝማል። ሰዎቹ ሂሳቡን የሚያሰሉት እንዲህ ነው፦ ኪራይ ሲደመር አውቶቡስ ሲደመር ያጣሁት እንቅልፍ። እንቅልፉን በገንዘብ የሚተምን ስለሌለ ሻርጃ ሁልጊዜ ያሸንፋል።

እሷ መጀመሪያ በኮንትራት ነው የሄደችው፣ ሰው ቤት። ማዳሟ ዘንድ ሁለቱን ዓመት ጨርሳ ወጣችና ካፌ ገባች፤ አልጋም ተከራየች ደይራ ውስጥ፣ አል ሪጋ። ክፍል አይደለም፣ አልጋ። በጣውላ የተከፋፈለ ክፍል ውስጥ መጋረጃ ያለው አልጋ። በ2025 ክረምት የዱባይ ማዘጋጃ ቤት አል ሪጋን፣ አል ሙራቀባትን፣ አል ሳትዋንና ሌሎችም ሰፈሮችን እየዞረ ያለፈቃድ የተከፋፈሉ ቤቶችን ማስፈረስ ያዘ። ለእሳት አደጋ ያሰጋል ነው ምክንያቱ፤ ያሰጋልም። ግን ጣውላው ሲፈርስ አልጋው የት ይሄዳል ብሎ የጠየቀ አልሰማሁም። የሷ አልጋ ውሃውን ተሻግሮ አል ተዓውን ገባ።

እንግድነት የተቀበለችኝ እዚያ ቤት ነው። ሁለት መኝታ ቤትና ሳሎን፤ ሁሉም ሴቶች፣ ሁሉም ሀበሻ። አንዷ ከደሴ፣ አንዷ ከመቀሌ፣ ሁለቱ ከጅማ፣ አንዷ ከደብረ ብርሃን፣ የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ። ቤቱን የያዙት ደሴዋ ናቸው፤ በዕድሜ ትልቋ እሳቸው ስለሆኑ ሁሉም "እትዬ" ይላቸዋል። ቤቱን መያዝ ቀላል ነገር አይደለም። እዚያ ኪራይ በወር ቆጥረው የሚሰጡት ሳይሆን የዓመቱን በቼክ ከፋፍለው፣ አስቀድመው ጽፈው የሚያስረክቡት ነው፤ ውሉም ቼኩም በሳቸው ስም ነው። አንዷ ሳትከፍል ብትቀር ባንክ ቤት የሚመለሰው የሳቸው ቼክ፣ የሚጠየቀውም የሳቸው ስም ነው። ስለዚህ በቤቱ ውስጥ ያላቸው ሥልጣን ከምርጫ የመጣ አይደለም፤ ከቼክ ደብተር ነው።

ፍሪጅ ላይ በማግኔት የተያዘ የትምህርት ቤት ደብተር አለ። በእያንዳንዱ ገጽ አናት ወሩ፣ ከሥሩ ስም በስም፦ ኪራይ፣ ሴዋ፣ ኢንተርኔት፣ የሚጠጣ ውሃ፣ ጋዝ፣ የቤት ዕቃ። ሴዋ የሚሏት የሻርጃን የመብራትና የውሃ ሂሳብ ነው፤ ዱባይ ስትሆን ዲዋ ትባላለች። የዱባዩ ሂሳብ ላይ የዓመት ኪራዩ 5 በመቶ የቤት ክፍያ ተብሎ በየወሩ ተቆራርጦ ይደረብበታል። "ለዚያም ነው የመጣነው" አሉኝ እትዬ፤ ከዚያ የሐምሌን ገጽ ገልጠው አሳዩኝና ሳቁ። ከጥር ጋር ሲተያይ ቁጥሩ ሌላ ቤት ይመስላል። ኤሲው ነው።

ኤሲው የዚያ ቤት ፓርላማ ነው። ሌሊት ሠርታ ቀን የምትተኛ አለች፤ ቀን ቀን በሩን ዘግታ ታበርደዋለች። ማታ የሚገቡት ደግሞ፣ "እኛ በሌለንበት ለነደደው መብራት ለምን እኩል እንከፍላለን?" ይላሉ። ጅማዎቹ በሰው ሳይሆን በክፍል ይከፈል ባይ ናቸው። ደብረ ብርሃኗ፣ ብርድ ያሳደጋት ልጅ፣ መስኮት ብንከፍት ምን አለበት ትላለች፤ በሐምሌ! እትዬ ሁሉንም ይሰሙና ደብተሩን ይዘጋሉ። በኋላ የተወሰነው በሰው እኩል እንዲሆን፣ ቀን የምትተኛዋ ግን በወር 30 ድርሃም እንድትጨምር ነው። ማንም አልተደሰተም፣ ሁሉም ከፈለ። እኔ ካየኋቸው ስምምነቶች ውስጥ ይሄኛው የተሻለ ይሠራል።

እንዲህ ያለው ክርክር ማምዛር ላይ አዲስ አይደለም፤ በውሃው ዳርቻ ዱባይና ሻርጃም ተካስሰውበታል። በ1950ዎቹ አጋማሽ እንግሊዞች ነዳጅ ፈላጊዎች ከየት እስከ የት ድረስ ከማን ጋር እንደሚዋዋሉ ለማወቅ በባሕረ ሰላጤው ዳር ያሉትን ሼኾች ድንበር ማስመር ነበረባቸው። ጁሊያን ዎከር የተባለ ወጣት ዲፕሎማት በየበረሃው እየዞረ ጉድጓዱ የማን ነው፣ የዘንባባው ግብር ለማን ይከፈላል እያለ ጠየቀ። የዱባዩ የፖለቲካ ወኪል ፒተር ትሪፕ ያንን ይዞ በ1956 እና በ1957 ውሳኔ ሰጠ። ዱባይና ሻርጃ ግን በመስመሩ አልተስማሙም። በ1971 በአንድ ባንዲራ ሥር ከገቡ በኋላ እንኳ መሬቱ ፎቅ ሲያበቅል ጠቡ ጨመረ፤ ጉዳዩን ለገላጋይ ዳኞች አስረከቡ፣ ፍርዱም ጥቅምት 19 ቀን 1981 ወጣ። በመዝገቡ ውስጥ አል ማምዛር በስሙ ይነሳል። ያን ጊዜ የተሟገቱበት አሸዋ ላይ ነው ዛሬ ሰው 5 ድርሃም መግቢያ እየከፈለ ሥጋ የሚጠብሰው። መናፈሻው በ1994 ነው የተከፈተው፤ ለዓመታትም ሰኞና ረቡዕ ለሴቶችና ለሕፃናት ብቻ የተለየ ነበር። የኛ ልጆች ቡናውን በፔርሙዝ ይዘው የሚሄዱት በነዚያ ቀናት ነበር ይላሉ።

የገዥዎቹም ጠብ ቢሆን ከደብተር አያመልጥም። በሰኔ 1987 የሻርጃው ገዥ ሼኽ ሱልጣን ቢን ሙሐመድ አል ቃሲሚ ውጭ አገር ሳሉ ወንድማቸው ሼኽ አብዱልአዚዝ ሥልጣን ያዝኩ አለ፤ ያቀረበው ክስ የሻርጃ ዕዳና የገንዘብ አያያዝ ነበር። ዱባይ ከሱልጣን ጎን ቆመች፣ የኤሚሬቶቹ ከፍተኛ ምክር ቤት መሃል ገባ፣ ሼኽ ሱልጣንም ተመለሱ። ዛሬ እኚሁ ገዥ "ቀጥታ መስመር" በሚባለው የሻርጃ የሬዲዮ ፕሮግራም የሰው ቅሬታ ሲሰሙ ራሳቸው ደውለው መልስ ይሰጣሉ፤ የሚነሳው ቤት፣ ዕዳ፣ ደሞዝ ነው። እትዬ አረብኛቸው ጥሩ ስለሆነ አንዳንዴ ይሰሙታል። "እኛ ብንደውልስ?" ብላ አንዷ ጠየቀች። ሳቅ ሆነ።

ሳቁ መልስ ነበር። የፌዴራሉ ብሔራዊ ምክር ቤት 40 መቀመጫ አለው፤ ዱባይና አቡ ዳቢ ስምንት ስምንት፣ ሻርጃ ስድስት፣ አጅማን አራት ይይዛሉ። ከ2006 ወዲህ ግማሾቹ ይመረጣሉ፤ መራጩ ግን ዜጋ ነው፣ ያውም ስሙ በመራጮች ዝርዝር የገባ ዜጋ። ከአሥር ነዋሪ ዘጠኙ ገደማ ደግሞ የውጭ ሰው ነው። ለዚህ ዘጠኝ እጅ ሕዝብ የሚቀረው አንድ ነገር ነው፦ ዋጋው ካልተስማማው አልጋውን ተሸክሞ ውሃውን መሻገር።

የአገር ቤት ፖለቲካስ? እሱ ቤቱ ውስጥ አለ፤ ድምፁ ግን ዝቅ ብሎ ነው። በሐምሌ 2024 አገራቸው ውስጥ የተነሳውን ተቃውሞ ደግፈው ኤሚሬቶች ውስጥ አደባባይ የወጡ 57 ባንግላዴሻውያን በጥቂት ቀናት ተፈርዶባቸዋል፤ ሦስቱ ዕድሜ ልክ፣ 53ቱ አሥር አሥር ዓመት፣ አንዱ አሥራ አንድ። በመስከረም ምሕረት ተደርጎላቸው ወደ አገራቸው ተላኩ። ልጆቹ ምሕረቱን ሲነግሩኝ ይረሱታል፤ ፍርዱን አንዷም አልረሳችው። የባሰባቸው ደግሞ የተከሰሱት በሰው አገር መንግሥት ላይ ተነሥተው ሳይሆን በገዛ አገራቸው መንግሥት ላይ በመጮኻቸው መሆኑ ነው። ስለዚህ እትዬ ሕግ አውጥተዋል፦ ስልክ ላይ ፖለቲካ የለም፣ ግሩፕ ውስጥ የድምፅ መልእክት የለም፣ የሚባለው ሁሉ ቡና ላይ ይባል። መዋጮም እንደዚያው ነው። ያለፈቃድ ገንዘብ ማሰባሰብ እዚያ ወንጀል ነው፤ የ2021ዱ ሕግ ግልጽ ነው። ሰው ሲሞትባቸው፣ አስከሬን የሚላክ ሲሆን፣ እኛ ሠፈር በጥሩምባ የሚጠራው እድር እዚያ በሹክሹክታ ነው የሚሠራው። እቁቡ አለ፤ ደብተሩ ውስጥ ግን አልተጻፈም።

አዲስ አበባ ሆኜ የጠበቅሁት ቡናው ላይ ስለ ፓርቲና ስለ ብሔር ጭቅጭቅ እንደምሰማ ነበር። የሰማሁት ስለ ምንዛሪ ነው። ቆይቶ ነው ያው አንድ ወሬ መሆኑ የገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድርሃም ከ1997 ጀምሮ ከዶላር ጋር ታስሯል፣ አንድ ዶላር 3 ድርሃም ከ67 ገደማ። ስለዚህ ሰው ደሞዙ ድርሃም ቢሆንም አገሩ የሚደርሰው ዶላር ነው። ብር ለገበያ ከመለቀቁ በፊት በነበረው ጊዜ ባንክ ለዶላር 57 ብር ገደማ ሲሰጥ ጥቁር ገበያው እጥፉን ይሰጥ ነበር። 1,000 ድርሃም በባንክ 15 ሺህ ከምናምን ብር፣ በሰው እጅ ሲላክ ከ30 ሺህ አያንስም። ልዩነቱ ለእናት የወር አስቤዛ ነው፣ ለታናሽ ወንድም የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። በባንክ የሚልክ ሰው ለአገሩ የሚሰጠው መዋጮ ማለት ይሄው ነው፣ ደረሰኝ የሌለው።

በ2018 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ውጭ ያለው ሁሉ በቀን አንድ ዶላር እንዲያዋጣ ሲጠይቁ፣ የቤቱ ሰው አንድ ቃል ነበር ይላሉ። በባንክ ላኩ ሲባልም ብዙዎቹ ልከዋል። ከጅማዎቹ ታላቋ ከ2011 ጀምሮ፣ ገና ሰው ቤት ሳለች፣ የሕዳሴ ግድብ ቦንድ ትገዛ ነበር፤ ወረቀቶቹን በላስቲክ ጠቅልላ ሻንጣዋ ሥር አስቀምጣለች። መስከረም 2025 ግድቡ ሲመረቅ ሁሉም ሳሎን ተሰብስበው አዩት፤ ያን ቀን ክርክር አልነበረም። ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ግን ነበር።

መቀሌዋ በትግራዩ ጦርነት ጊዜ እናቷ ዘንድ ገንዘብ ማድረስ አልቻለችም። ባንክ ዝግ፣ ስልክ ዝግ። የሚያደርስ ሰው ሲገኝ ከሚላከው ላይ ብዙውን ለራሱ ይቆርጥ ነበር፤ የደረሰውንም "ደረሰ" የሚል የለም። በዚያው ሰሞን ሌሎቹ ሳሎን ውስጥ "በባንክ እንላክ፣ አገር ተወራለች" ይባባሉ ነበር። እሷ ተነሥታ ወደ ማድቤት ትሄድና ዕቃ ታጥባለች፤ የታጠበውን ጭምር። ይህን የነገረችኝ እሷ አይደለችም፤ ደብረ ብርሃኗ ናት። የነገረችኝም ምክንያት ነበራት። በነሐሴ 2023 አማራ ክልል ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጥቶ ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሷም እናት ድምፅ ጠፋ፤ ወራት ጠፋ። ያን ጊዜ በባንክ መላክ አቆመች። "መንግሥትን ለመቅጣት ነው?" አልኳት። "ለመቅጣት በምን አቅሜ!" አለች። "ተናድጄ ነው። እልኩም 15 ሺህ ብር አተረፈኝ።" መቀሌዋ ይህን ስትሰማ ምንም አላለችም፤ በማግስቱ ግን የምታውቀውን ገንዘብ አድራሽ ስልክ ሰጠቻት።

ይቅርታ ተባባሉ፣ ታረቁ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልሆነም። ዛሬም አንዳንድ ነገር ሲነሳ አንዷ ትነሣለች። የፕሪቶሪያው ስምምነት በኅዳር 2022 ሲፈረም ስለ ጦርነቱ ማብቃት በዚያ ቤት የተባለው አጭር ነው፤ ስለ ባንክ መከፈት የተባለው ግን ረጅም ነው። አንድ ላይ የያዛቸው ፍቅር ነው ለማለት አልደፍርም። ስድስቱ ካላዋጡ የሚቀጥለው ቼክ አይሸፈንም፤ እትዬም ይህን ያውቃሉ፣ አንዷ ለቅቄ እወጣለሁ ባለች ቁጥር ደብተሩን አንሥተው ድርሻዋን ለአምስት አካፍለው ጮክ ብለው ያነቡታል። ወጪዋ ወደ ሌሎቹ ሲዞር የሌሎቹ ቁጣ ይበርዳል። ለዘብ ብለው "ቆይ እስቲ፣ ተቀመጪ" ይላሉ።

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መጣ፤ ይሄኛውን ሁሉም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የሚጠሩት። ብሔራዊ ባንክ ብርን ለገበያ ለቀቀው። በመጀመሪያው ቀን ዶላር ከ57 ወደ 74 ብር ዘለለ፣ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ጥቁር ገበያውና ባንኩ ተቀራረቡ፤ ለዓመታት ሳሎኑን ሲያናውጥ የኖረው ክርክር ተዳከመ። አገር ወዳዷም፣ የተቆጣችውም፣ ደንታ የሌላትም ከአንድ መስኮት ፊት መሰለፍ ጀመሩ። ቦንድ ገዢዋ ጅማዋ በዚህ ቅር ያላት ይመስለኛል። ለዓመታት በኪሳራ ስትልክ ቆይታ ኪሳራው ሲቀር የሷ ልዩነትም አብሮ ቀረ።

አዲሱ ጭቅጭቅ ከአገር ቤት በኩል ነው የመጣው። አዲስ አበባ ውስጥ ዘይቱም፣ ጤፉም፣ ታክሲውም ከምንዛሪው ጋር ተነሣ። የሚላክላቸው ሰዎች ደግሞ የሚያዩት የሚደርሳቸውን ብር ነው፤ ብሩ በዝቷል፣ ስለዚህ ልጅቷ አልፎላታል። ከአዲስ አበባ በርበሬና ሽሮ ይዤ ስመጣ ከአክስቴ የተላከው መልእክትም ይሄው ነበር፦ ቤቱ ቆርቆሮው ይቀየር፣ አጥሩም በዚያው። የአክስቴ ልጅ ሽሮውን እያሸተተች ሰማችኝ። ማታ ደወለች፤ ድምፅ ማጉያው ተከፍቶ ስለነበር ሁላችንም ሰማን።

"እማዬ፣ የጨመረው ብሩ ነው እንጂ ደሞዜ አይደለም።"

"አውቃለሁ ልጄ፣ ቆርቆሮም ጨምሯል" አለች አክስቴ።

እትዬ ከሶፋው ላይ ሆነው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው ማለታቸው ነው። የአክስቴ ልጅ በዚያ ወር 300 ድርሃም ጨምራ ላከች። የእቁቡ ዕጣ የወጣው ለመቀሌዋ ነበር፤ ተራዋን ለቀቀችላት፣ በምትኩ የሐምሌን ሴዋ እንድትከፍልላት ተስማሙ። እትዬ ደብተሩን አወረዱና የሐምሌ ሴዋ ላይ ስሙን ሰርዘው ቀየሩት።